በአምቦ ውሃ ያጠብኩት አልጌ

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ወደ ጉደር መውጫው ላይ ካሉት በአንዱ። ጥብስ አዝዤ እጄን ልታጠብ ብነሳ ቧንቧው ድርቅ ብሏል። ይሄ ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። አስተናጋጇም አልደነገጠችም፤ ከመደርደሪያው አንድ አምቦ ውሃ አንስታ፣ በሌላ እጇ ሳፋ ይዛ መጣችና ክዳኑን ጭሽ አድርጋ ከፈተችው። የሌላ አገር ሰው ቢያይ ይገርመው ይሆናል፤ እኛ ግን ቧንቧ ሲጠፋ በጠርሙስ ውሃ መታጠብ የለመድነው ነገር ነው። እጄን ልዘረጋ ስል ከኋላዬ "አካም ጅርቱ ጋሼ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ድሮ ኮሌጅ አብራኝ የሠራችው ለሊሴ ናት።

ከተለያየን ስንት ዓመት እንደሆነ ልቆጥር ጀመርኩና ተውኩት። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ትንሽም ወፈር ብላለች። ድምፅዋ ግን ያው ነው። ተሳሳምን፤ ወንበር ስቤ ከፊቴ አስቀመጥኳት። አስተናጋጇ ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት ሳፋውንም ጠርሙሱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሌላ ሰው ልታስተናግድ ሄደች። ጠርሙሱ እዚያው መሀላችን ቆሞ ጋዙ ሽቅብ ይወጣል። እኔ ያን ጠርሙስ እያየሁ ወደኋላ ሄድኩ።

ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ በነበረች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ለጡረታ ወራት ቀርተውኛል። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልጠራውም፤ የኖረበት ያውቀዋል። አንድ ሳምንት መንገድ ይዘጋል፣ በሚቀጥለው ይከፈታል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ሱቆች አንድ ቀን በጠዋት ሳይከፍቱ ይቀሩና ሰው ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ግን ሳስታውስ የሚመጣብኝ ሌላ ሌላው ነው። ባጃጅ ከፍልውሃው በር እስከ ኮሌጁ ሁለት ብር ነበር፤ ዛሬ በሁለት ብር ባጃጅ ውስጥ አንድ እግር ማስገባትም አይቻልም። ሾፌሮቹ ፍላሽ ላይ የጫኑትን የኦሮምኛ ዘፈን እስከ ጥግ ከፍተው ስለሚነዱ፣ አንዱን ዘፈን መጀመሪያውን በአንዱ ባጃጅ፣ መጨረሻውን በሌላው እየሰማሁ ነበር ሥራ የምገባው። ሴት ተማሪዎች ጠበብ ያለ ጅንስ ሱሪ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሹራብ ይደርባሉ። ወንዶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው ማበጠሪያውን እዚያው ፀጉራቸው ላይ ሰክተው ክፍል ይገባሉ፤ እኔ ሁልጊዜ ላብራቶሪ በር ላይ አስነቅላቸው ነበር። በሩ ፊት ለፊት የነበረችው ሻይ ቤት ቦምቦሊኖዋ ጠዋት ትኩስ ነው፣ ከሰዓት ድንጋይ። የላብራቶሪያችን ጠረጴዛዎች ደግሞ ድሮ ከጭልሞ ደን በመጣ ጽድ የተሠሩ ስለነበሩ፣ ክረምት ሲሆን ክፍሉ ከኬሚካሉ ይልቅ ደን ደን ይሸት ነበር። ያ ሽታ አሁንም ይናፍቀኛል።

ለሊሴ የጉደር ልጅ ናት። ኮሌጁ ውስጥ ባዮሎጂ እያስተማረች አዲስ አበባ ማስተርስ ትማር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በማር ባልዲ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ይዛ መጣች። ምንድነው ብላት ከጉደር ወንዝ፣ ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ካለው ድንጋይ ላይ የፋቀችው አልጌ መሆኑን ነገረችኝ። "ይሄ ልብስ ልናጥብ ስንወርድ አዳልጦ የሚጥለን ነገር አይደለም እንዴ?" አልኳት። እሱ ነው አለች። በመማሪያ መጽሐፍ ዋቅላሚ ይሉታል፤ እኔ ስሙን ሳውቅ ኖሬ ለቁም ነገር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመመረቂያ ማሟያ ጽሑፏ በዚህ ነገር ላይ ነበር። ጨረራ አመንጪ የሆነ ማዕድን ውሃ ውስጥ ቢገባ አልጌው ምን ያህሉን ይይዛል፣ ይዞስ ያቆየዋል ወይስ መልሶ ይለቀዋል የሚለውን ልታውቅ ፈልጋለች። አማካሪዋ ከአዲስ አበባ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ የዩራኒየም ጨው ሰጥተዋታል። እኔ ስሙን ስሰማ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብያለሁ፤ አልዋሽም። እሷ ሳቀች። በዚህ መጠን ከጓንትና ከጥንቃቄ በላይ የሚያስፈልገው ነገር እንደሌለ፣ ዩራኒየም በትንሽ በትንሹ በየድንጋዩ ውስጥ እንዳለ አስረዳችኝ። ነገሩ ሲገባኝ እኔም ወደድኩት። አልጌው ዩራኒየሙን በልቶት አይደለም የሚይዘው፤ አብዛኛውን በላዩ፣ በቆዳው ነው የሚይዘው። ውሃው ውስጥ ከነከርነው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ብዙው ተለጥፎበታል። ከዚያ እናጠልለዋለን፣ በላዩ የቀረው ልቅ ውሃ እንዲሄድ በተነጠረ ውሃ እናጥበዋለን፣ እናደርቀዋለን፤ የደረቀው ታሽጎ አዲስ አበባ ይላክና እዚያ በመሣሪያ ይለካል። እኔም የራሴን ሕግ ጨመርኩ፤ ዩራኒየም የነካ ውሃ አንድ ጠብታ ሲንኩ ውስጥ አይገባም። የሲንኩ ውሃ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ወንዝ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱን እጥበት ቢጫ የዘይት ጄሪካን ውስጥ እየጨመርኩ፣ ቀኑን ጽፌ እለጥፍበት ነበር። ለሊሴ ጄሪካኖቹ መንገድ ዘጉብን እያለች ታጉረመርማለች፤ እኔ አልሰማትም።

ከሥራ ውጭ የምንጣላው በአምቦ ውሃ ነበር። እሷ ጋዙ አይመቻትም። ጠርሙሱን ትከፍትና ክዳኑን ሳትመልስ ለሰዓታት ታስቀምጠዋለች፤ ጋዙ ሙልጭ ብሎ ሲወጣ ነው የምትጠጣው። እኔ አምቦ ተወልጄ፣ በዚያ ውሃ ሆዴ ሲነፋ ድኜ፣ በዚያ ውሃ ልጆቼን ፊታቸውን አጥቤ ያሳደግኩ ሰው፣ ይሄን ሳይ እንደ ስድብ እቆጥረው ነበር። የጉደር ሰው ውሃ አያውቅም እላታለሁ። እሷም እናንተ አምቦዎች ከሌላ ከተማ የሚለያችሁ ውሃችሁ ብቻ ስለሆነ ነው ትለኛለች። አባቷ አልፎ አልፎ ከጉደር ቅቤና እርጎ ይልኩልኝ ነበር፤ በስልክ ሲያገኙኝ "ኦቦ ደምሴ፣ ልጄን አደራ" ይሉኛል። እኔም አደራቸውን ተቀበልኩ፤ ልጅቷን ልጄ አድርጌ ነበር የማያት።

አልጌ የምንነክርባቸው የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ብርጭቆዎች ቀርተው ሳለ አባቷ ታመው ጉደር ሆስፒታል ገቡ። አልጌውን ጠዋት ነክራ ስልክ ተደወለላትና ሄደች። ከተነከሩ በአራተኛው ሰዓት አጥልዬ እንዳጥባቸው ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ የምታውቀውን ያህል እኔም አውቀዋለሁና ብዙ አልተነጋገርንም። እሷ እንደወጣች መብራት ጠፋ። ውሃ ማንጠሪያው በመብራት ነው የሚሠራው፤ የተነጠረ ውሃ የሚቀመጥበትን ዕቃ ባየው ሥሩ ላይ ጥቂት ነው የቀረው። ቧንቧውም የለም። ስደውልላት ኔትወርክ የለም። እሱም የተነጠረ ነውና የባትሪ ውሃ ልግዛ ብዬ ጋውኔን እንደለበስኩ ወጣሁ፤ ጋራዡም፣ መለዋወጫ ሱቁም፣ ሻይ ቤቷም ዘግተዋል። ከተማው ዝም ብሏል። ባጃጅ እንኳ አልነበረም፤ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

አራተኛው ሰዓት ደረሰ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ምሳ ላይ የምጠጣው ስድስት ጠርሙስ አምቦ ውሃ አለ። እስካሁን ራሴን የምጠይቀው እንዴት አልጠረጠርኩም እያልኩ ነው። አልጠረጠርኩም። በዚህ ምድር ላይ ከአምቦ ውሃ የጠራ ውሃ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። እንዲያውም ተጠነቀቅኩ፤ አረፋው አልጌውን እንዳይበትነው፣ ለሊሴ እንደምትወደው አድርጌ ጠርሙሶቹን ወዝውዤ ጋዙን አስወጣሁት። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ አጠብኩ። እጥበቱን ጄሪካን ውስጥ ጨምሬ ቀኑን ጻፍኩ። ማታ መብራት ሲመጣ ማድረቂያ ውስጥ አስገባኋቸው፤ እቤቴ ስሄድ ትልቅ ሥራ የሠራ ሰው ሆኜ ነው የሄድኩት። በማግስቱ ለሊሴ መጥታ ሁሉ ነገር ደህና ነው ወይ ስትለኝ ደህና ነው አልኳት። ስለ ውሃው አልነገርኳትም። ለመደበቅ አልነበረም፤ የሚነገር ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ቀደም ብለው የተላኩት ሁሉ ሙሉ ዩራኒየም ተሸክመዋል፤ እነዚያ አሥራ ሁለቱ ግን ባዶ ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም። አማካሪዋ የመጨረሻው ዙር እንዲህ ከሆነ የፊተኞቹንም ማመን ይከብዳል፣ ሁሉም እንደገና ይሠራ የሚል መልእክት ላኩ። እንደገና የሚሠራበት ጊዜ የላትም፤ የጥናት ፈቃዷ ሊያልቅ ሳምንታት ነው የቀሩት። ለሊሴ ወረቀቱን ይዛ ጨው ስመዝን ተሳስቼ ነው፣ ቸኩዬ ነበር አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዓይኔ ቁም ሳጥኑ ላይ ሄደ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ኬሚስትሪው በኋላ ነው የገባኝ፤ ግን የተለየው ነገር ውሃው ብቻ እንደሆነ አወቅኩ።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም ብትሉኝ የምመልሰው የሚያኮራ ነገር የለኝም። ሠላሳ ዓመት አንድ ናሙና አላበላሸሁም። የኮሌጁ ሰዎች ለጡረታዬ ገንዘብ አዋጥተው ጋቢ ሊሸልሙኝ፣ ንግግር ሊያደርጉልኝ እየተዘጋጁ ነው። በጥንቃቄ የታወቀው ጋሽ ደምሴ ናሙና በሚጠጣ ውሃ አጠበ መባሉን ፈራሁ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ፤ በማግስቱም ነገ እነግራታለሁ አልኩ። እሷ ሚዛኑን ትፈትሻለች፣ ማስታወሻዋን ከመጀመሪያው ታነባለች፣ ትደምራለች፣ ትሰርዛለች። እኔ ሻይና ቦምቦሊኖ አመጣላታለሁ። አይዞሽ እላታለሁ። አይዞሽ ያልኩበት አፌ እስካሁን ያሳፍረኛል። ሚስቴ አስካለ ምግብ ስገፋ አይታ ምን ሆነሃል ብላ ያዘችኝና ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? የእኔ ናሙና ነው የተበላሸው?" አለችኝ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ለሊሴ ብርጭቆዎቹን አጥባ ደርድራ ጠበቀችኝ። ትምህርቱን ለማቋረጥ ማመልከቻ ጽፋለች፤ ስህተቱ የራሷ እንደሆነ ይላል። አጠገቡ የዕቃ መመለሻ ክሊራንስ አለ፤ እኔ ልፈርምበት ነው። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ስሜን መጻፍ አቃተኝ።

"ለሊሴ፣ ሚዛኑ ደህና ነው" አልኳት። "አሥራ ሁለቱንም ያጠብኳቸው በአምቦ ውሃ ነው።"

ረጅሙ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ስለ መብራቱ፣ ስለተዘጋው ጋራዥ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ውጤቱ የመጣ ዕለት።"

"ዘጠኝ ቀን" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ "እኔ እኮ ጋሼ፣ አባቴን ሆስፒታል ትቼው ነው እዚህ ሚዛን ስፈትሽ የከረምኩት። ልጄ ዛሬ ደግሞ ቀረች ወይ እያለ" አለች።

እግሯ ላይ ብወድቅ በወደድኩ፤ ግን ሽማግሌ እግሯ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ይቅርታ ለማድረግ መገደዷ ነው። ቆሜ ቀረሁ። እሷ ግን ብዙ ሳትቆይ ተነሳች። ዓይኗን ጠረገች፤ እጥበቱን የት ደፉት አላለችኝም፤ እንደማልደፋ ታውቃለች። በቀጥታ ከሲንኩ ሥር ሄዳ ጎንበስ አለች። ቢጫው ጄሪካን በእኔ የእጅ ጽሑፍ ቀኑ ተለጥፎበት እዚያው ቁጭ ብሏል። በሁለት እጇ ጎትታ አወጣችው።

ያ ውሃ አዲስ አበባ ሄደ። ከአልጌው የጠፋው ዩራኒየም ያለምንም ጉድለት ሊባል በሚችል ሁኔታ ውሃው ውስጥ ተገኘ። ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው፤ አምቦ ውሃ ውስጥ ከጋዙ ሌላ ባይካርቦኔት የሚሉት ነገር በሽ በሽ ነው፤ ዩራኒየም ደግሞ ከአልጌው ቆዳ ይልቅ እሱን ይመርጣል። ስለዚህ ያን ውሃ ሲያገኝ አልጌውን ለቆ ይሄዳል። ጋዙን ማስወጣቴ ምንም አልረዳኝም። ለሊሴ መልሶ ይለቀዋል ወይ ብላ የጠየቀችው ጥያቄ በእኔ ጥፋት ተመለሰ፤ አማካሪዋም በዚያችው በቀረቻት ጊዜ ጥቂቱን ብቻ ደግማ እንድትጨርስ ፈቀዱላት። ጨረሰች። አባቷ ግን በሚቀጥለው ወር አረፉ። ጉደር ለቅሶ ላይ ሄጄ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ፤ የሰጡኝን አደራ እያሰብኩ አለቀስኩ። ሰው ወዳጅነት መሰለው።

ጋቢውን ሸለሙኝ። ንግግሩን ሲያነቡ ለሊሴ ከኋላ ተቀምጣ አጨበጨበች፤ ስለ ጉዳዩ ኮሌጁ ውስጥ ለማንም አልተናገረችም። ጽሑፏ ታትሞ አንድ ቅጂ ለላብራቶሪው ሰጠች። እኔ ብቻዬን ስሆን ከፈትኩት። አሠራሩ የተገለጸበት ላይ፣ አሥራ ሁለቱ ናሙናዎች በቴክኒሻን ስህተት ባይካርቦኔት ባለው የማዕድን ውሃ ታጠቡ ይላል፤ ስሜ የለም። ምስጋናው ላይ ሄድኩ። አማካሪዋን፣ ሟች አባቷን፣ ብርጭቆ ያዋሰውን ጎረቤት ኮሌጅ፣ ሻይ ቤቷን ሳይቀር አመስግናለች። የእኔ ስም እዚያም የለም። ሁለቴ አነበብኩት። ልክ ናት አልኩ፣ መጽሐፉን ዘጋሁት፣ ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጣሁ። እሷ ሥራ ቀይራ ሄደች። በበዓል እንኳን አደረሰዎ አትለኝም፤ እኔም ለመደወል ፊት አልነበረኝም።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ያ ጠርሙስ ጋዙን እስኪጨርስ ነው። ለሊሴ ከፊቴ ተቀምጣለች። ዶክተር ሆናለች፤ እናቷን ልትጠይቅ ጉደር መጥታ መመለሷ ነው። አስካለን ጠየቀችኝ፣ ልጆቹን ጠየቀችኝ። አሁን ተማሪ እያማከረች እንደሆነ ነገረችኝ። በእያንዳንዱ ዓመት መጀመሪያ ስለዚያ እጥበት እንደምታስተምራቸው ስትናገር ፊቴ ጋለ።

"ስለ ውሃው ነው የምትነግሪያቸው?" አልኳት።

"ስለ ውሃውም። ስለ ዘጠኙ ቀንም" አለች። ከዚያ ጨመረች፤ "ስለ ጄሪካኑም እነግራቸዋለሁ ጋሼ። ያን ሳልነግራቸው አልፌ አላውቅም።"

ዲፈማ፣ ይቅርታ ልላት ነበር፤ ያን ቀን በአማርኛም በኦሮምኛም ያላልኳትን። አሁንም አልወጣልኝም። ጥብሱ መጥቶ እየቀዘቀዘ ነው፤ አስተናጋጇም አስቀምጣው ከሄደች ብቅ አላለችም። ለሊሴ ዞር ብላ ፈለገቻት፣ ተወችው፤ ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ ሳፋውን ወደ እኔ አስጠጋች፣ ጠርሙሱን አነሳች።

"እጅዎን" አለችኝ።

ልጅ ሽማግሌን እንደሚያስታጥብ ትንሽ ጎንበስ ብላ አፈሰሰችልኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ጋዙ ወጥቷል። መዳፌን፣ ጀርባውን፣ በጣቶቼ መሀል አጠብኩ። ጠርሙሱን ቀና አድርጋ፣ "ይበቃል ጋሼ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ጨምሪበት" አልኳት።